ስለ ገዳሪፍ ገበያ መስፈሪያና ስለ ሸማቹ ጥበቃ

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው የገዳሪፍ ከተማ በማሽላዋና በሰሊጥዋ የታወቀች መሆንዋን ከነጋዴዎቻችን መካከል የማያውቅ የለም። የባቡር ሐዲድ ከከሰላ ተነሥቶ በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደረሰላት፤ ቀጥሎም በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን የእንግሊዝ ጦር ለመቀለብ ሲባል ከ1944 ገደማ ጀምሮ በገደምበልያ ሜዳ በትራክተር ማረስ ስለ ተጀመረ፥ ገበያዋ እጅግ ሰፋ። ዛሬ ልናመለክት የምንወደው ግን ስለ መስፈሪያው ነው።

በዚያ አገር እህል በልማድ በአርደብ፥ በከይላና በመልዋ ይሰፈራል። አርደቡ 198 ሊትር ያህል ሲይዝ በአሥራ ሁለት ከይላ ይከፈላል፤ መልዋ ድኻው የዕለት ቀለቡን የሚሸምትበት ትንሹ መስፈሪያ ነው። ሰሊጥ በቀንጣር ይመዘናል። ቀንጣሩ 100 ራጥል፥ ማለት 45 ኪሎ ገደማ ነው፤ ላልተዳመጠ ጥጥ ግን 315 ራጥል ይሆናል። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ የታወቀ ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የመጡ ስለ ሆኑ ጆሮን ያሳስታሉ።

ይህን የምንለው በወሬ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ይህ ጸሐፊ አንድ የሰሊጥ ውል ከዓረብኛ እንዲመልስ ተሰጥቶት፥ 200 ቀንጣር የሚለውን 200 ኩንታል ብሎ ጻፈ። ገዢው 20,000 ኪሎ ሲጠብቅ ወደ 9,000 ኪሎ ብቻ መጣለት። ሻጩ አላታለለም፤ ጥፋቱ የተርጓሚው ነበር። ሆኖም ወረቀቱ ባለፈባቸው ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ማኅተም ሲደረግበት አንድም ሰው ልዩነቱን አላስተዋለም። ነገሩ በሽማግሌዎች ዕርቅ አለቀ፤ የጸሐፊው ዕፍረት ግን ገና አላለቀም።

ባለጠጋው ነጋዴ ጠበቃ ይገዛል፤ ሽማግሌም ይሰበስባል። በመልዋ የሚሸምተው ሰው ግን ማንን ይክሰስ? የመስፈሪያው ቂጥ ወደ ውስጥ በመዶሻ ቢደቃ ወይም እህሉ ሳይከመር አፉ ላይ በእጅ ቢታበስ፥ ጉድለቱ አንድ እፍኝ ነው፤ ለአንድ እፍኝ ደግሞ ችሎት የሚቆም የለም። በኅዳር 2020 ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችን በኡም ራኩባ ሲሰፍሩ፥ ከሚያዝያ 2023 ወዲህም የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፉ፥ ቋንቋውን ወይም መስፈሪያውን የማያውቅ ሸማች በዛ።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ መጠበቅ የአካባቢው ምክር ቤት ተግባር ነው። ዶክተር ማርሻል በ1949 ባቀረቡት ጥናት መሠረት የ1951 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በሱዳን ሲወጣ፥ ምክር ቤቶች የራሳቸው ገቢና ሥራ ያላቸው አካላት እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ሐሳቡም ለዚያ አገር አዲስ አልነበረም፤ በእስላም ከተሞች ሙሕተሲብ፥ በእኛም ዘንድ ነጋድራስ ገበያውን ይጠብቁ ነበርና። በኢትዮጵያም በ2014 የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ወጥቶአል። በነገራችን ላይ፥ ዓረብኛው ሸማቹን «ሙስተህሊክ»፥ ማለት የሚጨርስ ይለዋል፤ የእኛው «ሸመተ» ግን ከጥንት እህል መግዛት ማለት ስለ ሆነ ለገዳሪፍ የበለጠ ይስማማል።

በእኛ አሳብ ዕቅዱ በዝናብ ወራት ማለቅ አለበት። ሰሊጡ ከጥቅምት ጀምሮ፥ ማሽላውም ተከትሎ ሲገባ መስፈሪያ ለመመርመር ጊዜ አይገኝም። ከሁሉ በላይ፥ ቀረጥ የሚሰበስበው ሰው ሚዛን መርማሪ መሆን የለበትም፤ ገቢው ከሚሸጠው ሰው ስለ ሆነ ዓይኑን መጨፈን ይቀለዋል። መርማሪውም ስንት ጊዜ ወደ ገበያ እንደ ወጣ ሳይሆን፥ ስንት መስፈሪያ አጉድሎ አግኝቶ እንደ ሰበረ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ያስረዳ። በገበያው በር የታተመ ሚዛን ይቀመጥ፤ የአቤቱታ መዝገብም በዓረብኛና በአማርኛ ይከፈት።

በገላባትና በመተማ ኬላዎች ደግሞ አንድ ሰሌዳ ቢሰቀል ወጪው የቀለም ብቻ ነው፦ የሰሊጥ ቀንጣር 45 ኪሎ ገደማ፥ ኩንታል 100 ኪሎ።