ሶኮትራ፦ አበው ስማቸውን የጻፉባት ደሴት

በኤደን ከተማ፣ ክሬተር ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለው የሲራ ምሽግ ላይ ቆሞ ባሕሩን የሚመለከት ሰው ከማዕበልና ከመርከብ በቀር የሚያየው የለም። ከአድማሱ ማዶ፣ ወደ ምሥራቅ ርቃ ግን ለብዙ ዘመናት የመርከበኞች ማረፊያ የነበረች፣ ዛሬም የዕረፍት ተጓዦችን ቀልብ የምትስብ ምድር አለች። እርሷም ሶኮትራ ናት።

ሶኮትራ ከአብድ አል ኩሪ፣ ከሳምሃና ከዳርሳ ጋር ሆና አንድ የደሴቶች ስብስብ ትሠራለች። የየመን ግዛት ብትሆንም ከዐረብ ምድር ይልቅ ለአፍሪካ ቀንድ ትቀርባለች። ማልዲቭስ በኮራል ላይ የቆመች አገር ስትሆን፣ ሶኮትራ ግን መሠረቷ ጥንታዊ ዐለት ነው፤ ኮራሉ በጠረፎቿ ሥር እንደ አጥር ተዘርግቶ ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 253 ዓይነት ኮራልና 730 ዓይነት የጠረፍ ዓሣ እንዳላት፣ ከ825 የዕፅዋት ዝርያዎቿም 37 በመቶው በሌላ የዓለም ክፍል እንደማይገኙ ገልጿል። ከእነዚህ መካከል እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውና ዐረቦች ሙጫውን «የሁለቱ ወንድማማቾች ደም» የሚሉት ዛፍ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከዕፅዋቱ ይልቅ ልብ የሚነካው ሆቅ የተባለው ዋሻ ነው። የቤልጅግ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ዋሻ ውስጥ ወደ 250 የሚጠጉ ጥንታዊ ጽሑፎችን አግኝተዋል። አብዛኞቹ የሕንድ ነጋዴዎች ጽሑፎች ሲሆኑ፣ ከጥቂቶቹ መካከል በአክሱም ዘመን የተጻፉ የኢትዮጵያ ፊደላት ይገኛሉ። አበው በዚያ የደረሱት ለዕረፍት ሳይሆን ለንግድ ነበር። ሆኖም ከባሕሩ በሰላም መድረሳቸውን ስማቸውን በመጻፍ መስክረዋል።

ኋላም እንግሊዞች ደሴቲቱን ለመርከቦቻቸው የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ1834 ወታደር አሰፍረው ነበር። ሱልጣኑ አልሸጥም አለ፤ ወታደሩንም የወባ ትኩሳት ፈጀው። እነርሱም ፊታቸውን ወደ ኤደን መልሰው በ1839 ከተማይቱን ያዙ። የኤደን ዘመናዊ ታሪክ በከፊል ከሶኮትራ እንቢታ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ደሴቲቱን የሚያሠጋት ወራሪ ጦር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ቻፓላና ሜግ የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ተከታትለው መትተዋት ብዙ ዛፍ ነቅለዋል። ከነፋሱ የተረፉት ዛፎች ቢያፈሩም ቡቃያቸውን ፍየሎች ስለሚበሉት ተተኪ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። የባሕሩ ሙቀት መጨመርም ኮራሉን ያነጣዋል።

ስለዚህ የሚሄድ እንግዳ አስቀድሞ የአገሩን የጸጥታ ሁኔታ ያጣራ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ኃይለኛ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው ጉዞው ከጥቅምት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል። የአገሬውን መሪ ይቅጠር፤ ኮራል አይርገጥ፤ ዛጎልም ቢሆን ይዞ አይመለስ።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልጠፋ አለኝ። አበው በመርከብ ያቋረጡትን ይህንኑ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዛሬ የአገራችን ወጣቶች በደካማ ጀልባ ያቋርጡታል፤ ብዙዎችም ስማቸው ሳይታወቅ በማዕበሉ ይቀራሉ። አንዱ ባሕር ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው መቃብር ሆኗል። በሆቅ ዋሻ ያሉት ፊደላት ወገኖቻችን በአንድ ወቅት ይህን ውኃ ባለ ዕቃ፣ ባለ ስምና ባለ ክብር ሆነው ይሻገሩት እንደነበር ያስታውሱናል። የእነዚያ ልጆች ዛሬም በዚያው ክብር መጓዝ ይገባቸዋል።