ለተቆረጠ አንጀት የተፈተለ ረቂቅ ክር

በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስና በአካባቢው፣ እንዲሁም በአጋሮና በሊሙ ገነት የቡና አገር የሚኖር ሰው ሆዱ ተነፍቶ፣ ማስመለስ ጀምሮ፣ ዓይነ ምድር እምቢ ባለው ጊዜ የሚወሰደው በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወደሚባለው ሆስፒታል ነው። ይህን የአንጀት መዘጋት ደዌ በአገራችን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የአንጀት መጠማዘዝ ሲሆን፣ የተጠማዘዘው ክፍል ደም አጥቶ ጠቁሮ ከተገኘ ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ ያወጣና፣ የሕሙሙ አቅም ከፈቀደ፣ ሁለቱን ጤነኛ ጫፎች አጋጥሞ ይሰፋል።

ፈረንሳዊው ሌምቤር እ.ኤ.አ. በ1826 የአንጀትን ውጫዊ ገጽ ከውጫዊ ገጽ ጋር አገናኝቶ መስፋትን ካስተማረ፣ አሜሪካዊው ሃልስቴድም በ1887 ክሩን አጥብቆ የሚይዘው ከውስጠኛው ልባስ ሥር ያለው ንጣፍ መሆኑን ካሳየ ወዲህ የስፌቱ ጥበብ እጅግ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በተሰፋበት ዕለት ጥብቅ የነበረው መጋጠሚያ በሚከተሉት ጥቂት ቀናት ይደክማል፤ ይኸውም ሰውነት ቁስሉን ሲያጸዳ ኮላጅን የተባለውን የሥጋ ማሰሪያ አስቀድሞ ስለሚያፈርስና፣ አዲሱ እስኪተካ ድረስ ሸክሙ ሁሉ በክሩ ላይ ስለሚወድቅ ነው። በዚህ መካከል ስፌቱ ቢያፈስ የአንጀቱ ርኩሰት በሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰራጭቶ ሕሙሙን ለሞት ያቀርበዋል።

ለነዚህ ክፉ ቀናት መጋጠሚያውን የሚደግፍ ልባስ ሲሹ ሊቃውንት የደረሱበት ናኖፋይበር የሚባለው ጨርቅ ነው። እናቶቻችን በእንዝርት ሲፈትሉ ጥጡን ስቦ የሚያቀጥነው ጣት ነው፤ እዚህ ግን የሚስበው ኤሌክትሪክ ነው፤ በአሟሚ የሟሟ ፖሊካፕሮላክቶን የተባለ ፕላስቲክ በመርፌ ጫፍ ሲንጠባጠብ በብዙ ሺህ ቮልት ቢያዝ ጠብታው እንደ ሾጣጣ ይሆንና ከጫፉ ቀጭን ፍሳሽ ይወረወራል፤ ፍሳሹም በአየር ላይ እየደረቀ በነጭ ስስ ጨርቅ መልክ ይከማቻል። አንቶን ፎርምሃልስ የተባለው ፈልሳፊ ለዚህ አፈታተል የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን፣ በቼክ አገር በሊበሬትስ ከተማ የሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዚህ በእኛ ዘመን መርፌውን አስቀርቶ በሚሽከረከር በርሜል በብዛት መፍተልን አስገኘ። የክሩ ውፍረት ጥቂት መቶ ናኖሜትር ያህል ነው፤ የሰው ጠጉር ግን ብዙ አሥር ሺዎች ይደርሳል። ጥቅሙም በዚሁ ረቂቅነቱ ነው፤ የሰውነት ሕዋሳት የሚያድጉበት የኮላጅን ክርም በዚያው መጠን ስለሆነ ባዕድ ነገር ሳይመስላቸው ይይዙታል ተብሎ ታስቧል።

በዚያው በቼክ አገር የፒልሰን ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በ24 የአሳማ ግልገሎች ቀጭን አንጀት ላይ፣ በእያንዳንዱ 3 መጋጠሚያ ሰፍተው፣ በከፊሎቹ ላይ ጨርቁን ደርበው፣ የቀሩትን ያለ ጨርቅ ትተው 3 ሳምንት ተጠባበቁ። የሞተ ወይም በብርቱ የታመመ እንስሳ አልነበረም፤ ጨርቁም ለእጅ የተመቸ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን በለበሰውና ባልለበሰው ስፌት መካከል ልዩነት አልታየም። ይህን ሽንፈት የሚለው ሰው ይሳሳታል፣ ድል የሚለውም እንዲሁ፤ ጤነኛ ግልገል ያለ ድጋፍም በደኅና ይድናልና። በጅማ የሚተኛው ሕሙም ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ተርቦና ውኃ አንሶት፣ አንጀቱም አብጦ ነው የሚደርሰው፤ ጨርቁ ዋጋ አለው ወይስ የለውም የሚለው የሚታወቀው በእንዲህ ያለው አንጀት ላይ ሲፈተን ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ፖሊካፕሮላክቶን በሰውነት ውስጥ ቀልጦ ለመጥፋት ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ ሕዋሳትን ወደ ስፌቱ የሚጠራው ጨርቅም ጎረቤቱን አንጀት ጠርቶ ሊያጣብቅ፣ መጣበቁም ተመልሶ አንጀትን ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ተፈላጊው ጨርቅ በውስጥ ገጹ ሕዋሳትን የሚቀበል፣ በውጭ ገጹ የሚገፋ ነው።