«ካይን ታዮ»፦ ታጋሎግን ከጀማሪ ወንበር ላይ መማር

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ለብዙ ዓመታት ሥነ ልሳን ካስተማርሁ በኋላ፣ ሃምሳውን ተሻግሬ፣ እንደገና ጀማሪ ተማሪ ሆኛለሁ። የምማረው ቋንቋ የፊሊፒንሱ ታጋሎግ ነው። መምህሬ በምኖርበት በአየር ጤና ሰፈር ቡና አፍልታ የምትሸጥ፣ ከቤይሩት የተመለሰች ጎረቤቴ ናት። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከሰባተኛ ክፍል ነው። እኔ ስለዚህ ቋንቋ ቤተሰብ በክፍል ውስጥ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ፊሊፒናዊ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘኝ እንደምን አመሸህ ማለት አልችልም ነበር። እርሷ ትችላለች። የዛሬው ንግግሬ ስለ ቋንቋ በማወቅና ቋንቋን በማወቅ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

በመጽሐፍ የሚገኘውን በአጭሩ ልበል። ታጋሎግ ከኦስትሮኔዥያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከሰባት ሺህ በላይ ደሴቶች ባሏትና ከመቶ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ፊሊፒንስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የብሔራዊ ቋንቋ መሠረት እንዲሆን ታወጀ፤ ዛሬ ፊሊፒኖ የሚባለው ብሔራዊ ቋንቋ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ቀድሞ ባይባዪን በሚባል ፊደል ይጻፍ ነበር። ያም እንደ እኛው ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት የሚያዋሕድ ነው። በ1593 ማኒላ ውስጥ የታተመው የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ ታጋሎጉን በዚሁ ፊደልና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን አስፍሮታል።

ጎረቤቴ ይህን አታውቅም፤ ማወቅም አላስፈለጋት። በሊባኖስም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኢትዮጵያውያንና ፊሊፒናውያን ሴቶች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጣራ ሥር ይሠራሉ። እርሷ በገባችበት ቤትም በዕድሜ የምትበልጣት ፊሊፒናዊት ነበረች። መጀመሪያ የተግባቡት በተሰባበረ ዐረብኛ ነው። ቀስ በቀስ ግን የሥራ ባልደረባዋን ቋንቋ በደብተር መያዝ ጀመረች፤ ደብተሩን አሳይታኛለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአማርኛ ፊደል የተጻፉት ቃላት «ሱዌልዶ» (ደመወዝ)፣ «ፓሂንጋ» (ዕረፍት) እና «ኢንጋት» (ራስሽን ጠብቂ) ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት «ይህ መጽሐፍ ነው» ብለው ይጀምራሉ፤ የእርሷ ደብተር የጀመረው ሰው በሰው ቤት ሲኖር ከሚያስፈልገው ነገር ነው።

እኔም ከዚያ ደብተር እያነበብሁ ጀመርሁ፤ ወዲያውም ተሳሳትሁ። «ማጋንዳንግ ጋቢ» መልካም ምሽት ማለት ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ያማረ ምሽት»። እኔ በማታ የምደርበውን ጋቢ እያሰብሁ፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል አጥብቄ ብናገረው ሳቀች። «ያማረ ጎደሬ አሉኝ እኮ፣ ጋሼ» አለች። በታጋሎግ ጫናው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ሲያርፍ «ጋቢ» ምሽት ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ሲያርፍ ጎደሬ ነው። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ጫናው ምልክት የለውም፤ በላቲኑም ሆነ በደብተሯ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም። «አለ» ብለን ስንጽፍ መናገሩን ይሁን መኖሩን ፊደሉ አይነግረንም። «ዋና» ሲላላ የውኃው ነው፤ ሲጠብቅ አለቃው ነው። የእኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን እንደሚሰውር፣ የእነርሱም አጻጻፍ ጫናን ይሰውራል። የተሰወረውን የሚያገኘው ጆሮ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ቃሉን ከመጻፍህ በፊት ከሰው አፍ ስማው፣ ስትጽፈውም ጫናው ባለበት ክፍለ ቃል ላይ ነጥብ አድርግ የሚል ነው።

በፊደላችን «ንግ» እያልን የምንጽፈው ድምፅም በታጋሎግ አንድ ድምፅ ነው። «እንግዳ» ስንል ከ«ግ» በፊት አፋችን ውስጥ አለ፤ ነገር ግን «ንጋዮን» (አሁን) በሚለው ቃል ላይ መነሻ ሆኖ ሲመጣ ያደናቅፈናል። ኑዌርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ በቋንቋቸው ስላላቸው አይቸገሩበትም።

ግሱ በአንጻሩ ለእኛ ቤተኛ ነው። ከ«ሰበረ» «ሰባበረ»ን የምናወጣ ሰዎች ቃል ከውስጡ ሲለወጥ አንደነግጥም። «ካይን» መብላት ነው። ከመጀመሪያው ተነባቢ ቀጥሎ «ኡም» ሲገባ «ኩማይን» (በላ) ይሆናል፤ ክፍለ ቃሉ ሲደገም «ኩማካይን» (እየበላ ነው)፤ «ኡም» ወጥቶ ድግግሞሹ ብቻ ሲቀር «ካካይን» (ሊበላ ነው)። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያኖር ታጋሎግ በአብዛኛው ያስቀድመዋል፤ ከዚህ ሌላ ጀማሪን የሚያስጨንቀው «አንግ» የምትባለው ቃል ናት። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ልስጣችሁ። «ኩማይን አንግ ባታ ናንግ ቲናፓይ» ማለት «ልጁ ዳቦ በላ» ነው። «ኪናይን ናንግ ባታ አንግ ቲናፓይ» ደግሞ «ዳቦውን ልጁ በላው» ማለት ነው። ሁለተኛውን አንዳንዶች በተደራጊ ግስ «ተበላ» ብለው ይፈቱታል። በእኔ ግምት ግን «በላው» ይቀርበዋል። «አንግ» የምታርፈው ተናጋሪውም ሰሚውም በሚያውቁት፣ ነገሩ በሚያጠነጥንበት ስም ላይ ነው። እኛ በ«ው»ና በ«ን» እንዲሁም በግሱ ጫፍ የምናደርገውን፣ እነርሱ በ«አንግ»ና ከግሱ ጋር በሚለዋወጥ ቅጥያ ያደርጉታል።

ጎረቤቴ በዚህ ትንታኔ አልተማረችም። የተማረችው በአክብሮትና በዝምድና ነው። የሥራ ባልደረባዋን «አቴ» ትላት ነበር፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ በትውልድ ባይዛመድም ለ«እትዬ» ጎረቤት የሆነ ቃል። ለትልቅ ሰው ሲነገር «ፖ» ይታከላል፤ «ሳላማት ፖ» ሲባል «አመሰግንዎታለሁ» እንደ ማለት ነው። «ሳላማት» ራሱ ከዐረብኛ በማላይኛ በኩል የደረሰ፣ የእኛ «ሰላም» ዘመድ ነው።

አማርኛ የሌለው አንድ ልዩነት ግን አለ። እኛ «እኛ» ስንል ሰሚው ይግባ ይውጣ አይታወቅም። በታጋሎግ «ካሚ» አንተን የማይጨምር እኛ ነው፤ «ታዮ» አንተንም የሚጨምር። ያቺ ሴት ስለ አገሯ ልጆች ስትናገር «ካሚ» ትል ነበር። አንድ ምሽት ስለ ደመወዛቸው ሲነጋገሩ «ታዮ» አለች። ጎረቤቴ፣ «ያን ቀን እኔም እንዳለሁበት ገባኝ» ብላኛለች። ሰዋስው በአንዲት ተውላጠ ስም ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል በክፍል ውስጥ ከዚህ አስበልጬ ያስተማርሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ከሚሄዱት ቢያንስ የስምንተኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጠይቋል። ዓላማው ሠራተኛዋን መጠበቅ ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከአዋጁ በፊት የሄደችው ጎረቤቴ በሄደችበት ቤት ሁለት ቋንቋ ተምራ ተመልሳለች፤ ይህን የሚመዘግብላት የለም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ማመልከቻ ስትሞላ አብሬያት ነበርሁ። «የሚናገሩት ቋንቋ» በሚለው ቦታ «አማርኛ» ብቻ ጻፈች። ለምን ዐረብኛውንና ታጋሎጉን እንደተወች ስጠይቃት «እሱማ የማድ ቤት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ይህን መልስ ያስተማርናት እኛ ነን ብዬ አምናለሁ። ቋንቋን ከምስክር ወረቀት ጋር ብቻ አያይዘን የኖርን እኛ ነን። ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ርእስ ስትፈልጉ ከቤይሩትና ከሪያድ የተመለሱትን ጠይቁ። ደብተር ያላቸው አሉ፤ እንዲያዩላቸው ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስትሄዱም እንደ ፈታኝ ሳይሆን እንደ ጀማሪ ሂዱ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቡና ቤቷ ስገባ ቁርሷን እየበላች ነበር። እኛ አገር እንደዚያ ባለ ጊዜ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፦ «እንብላ»። እርሷ ግን ልትፈትነኝ ብላ «ካይን ታዮ» አለችኝ። ፊሊፒናውያንም በማዕድ ሳሉ ለመጣባቸው ሰው የሚሉት ይህንኑ ነው። መልሱን ለሳምንታት ተለማምጄው ነበር፤ «ሳላማት፣ ቡሶግ ፓ አኮ»፤ አመሰግናለሁ፣ ገና ጠግቤ ነው ያለሁት። ግን አልጠገብሁም ነበርና ተቀምጬ በላሁ።