ኮክስበሪ ኮሌጅ፦ እሳት ሳይደርስበት ዕዳ የበላው

የአሜሪካ ሜቶዲስቶች ራሳቸውን ችለው ቤተ ክርስቲያን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1784 በገና ሰሞን ባልቲሞር ላይ ባደረጉት ጉባኤ ነው። በዚያው ጉባኤ ኮሌጅ እንዲከፈት ወሰኑ። ስሙንም ከሁለቱ መሪዎቻቸው ከቶማስ ኮክና ከፍራንሲስ አስበሪ ስም አገጣጥመው ኮክስበሪ አሉት። አስበሪ ተራ ትምህርት ቤት ይበቃናል ባይ ነበሩ፤ ኮሌጅ ይሁን ብለው የገፉት ኮክ ናቸው። የእንቅስቃሴው መሥራች ጆን ዌስሊ ወሬው እንግሊዝ ሲደርሳቸው፣ ኮሌጅ ማለታችሁ ሳያንስ በስማችሁ ጠራችሁት ብለው አስበሪን በደብዳቤ ገሠጿቸው።

በሜሪላንድ፣ አቢንግደን በተባለች ከተማ፣ 33 ሜትር ያህል የሚረዝም ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ሕንፃ ተሠርቶ በ1787 መጨረሻ ማስተማር ጀመረ። ደንቡ ጥብቅ ነበር። ተማሪው ንጋት 11 ሰዓት ይነሣል፤ ጨዋታ የሚባል ነገር አይፈቀድለትም። መዝናኛው አትክልት መኮትኮት፣ ፈረስ መጋለብ ወይም አናጢነት ነው። ገላውን የሚታጠበው መምህር ቆሞ እያየው፣ ብቻውን፣ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ወንዝ ወርዶ መዋኘት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነበር። ኮሌጁ የታሰበው በዋናነት ለሰባኪዎች ልጆችና ለወላጅ አልባዎች ነው፤ አቅም ለሌላቸው ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ ልብሱም በነፃ ነበር። ወጪውን የሚሸፍን ቋሚ ገቢ ግን አልነበረም። መዋጮ እንዲሰበስቡ የተላኩት በፈረስ ከመንደር መንደር የሚዞሩት ሰባኪዎች ሲሆኑ፣ የእነሱ የዓመት አበል 64 ዶላር ብቻ ነበር። አባት ለልጁ መማሪያ ከድሃ ምእመን ይለምናል ማለት ነው። አስበሪም ራሳቸው ባልቲሞር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ለምነዋል። ዕዳው ግን ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄደ።

በ1795 ዲሴምበር ሕንፃው ተቃጠለ። የባልቲሞር ደጋፊዎች ወዲያው ገንዘብ አዋጥተው በከተማቸው አንድ የጭፈራ አዳራሽ ገዙና ጨዋታ የከለከለውን ኮሌጅ እዚያ ከፈቱት። ዓመት ቆይቶ እሱም አጠገቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጋር ነደደ።

አስበሪ በአሥር ዓመት 10,000 ፓውንድ ያህል መጥፋቱን አስልተው፣ እግዚአብሔር ሜቶዲስቶችን ኮሌጅ እንዲሠሩ አልጠራቸውም ሲሉ ደመደሙ። ፍርዳቸው ግን ከጥሪው ይልቅ ለሒሳቡ ይስማማል፦ ጉባኤው ኮሌጁን ሲወስን፣ የየዓመቱን ቀለብ ማን እንደሚችል አልወሰነም።