የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍ ትምህርት፡- ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፣ ሙያው ግን ሠርቶ መፈተሽን ይጠይቃል

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ ፕሪንተር፣ ዩፒኤስ ወይም የሕክምና መሣሪያ ሥራ ሲያቆም ከጥገና ባለሙያው አዘውትሮ የሚሰማው መልስ "ቦርዱ ተቃጥሏል" የሚል ነው። ይህ መልስ ብዙውን ጊዜ የጉዳዩ መቋጫ ይሆናል። ዕቃው ወደ መጋዘን ይገባል፤ በምትኩ አዲስ ግዢ ይጠየቃል። ቦርዱ እንዴት እንደተነደፈና የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ የሚያውቅ ባለሙያ ሲኖር ግን ብልሽቱ በአንድ ፊውዝ ወይም በአንድ ካፓሲተር መለወጥ የሚስተካከልበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ይህን ዕውቀት ለመጨበጥ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ሰርኪዩት ቦርድን በኮምፒውተር ሶፍትዌር መንደፍ መማር ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ለትምህርቱ ትልቁ እንቅፋት የሶፍትዌሩ ዋጋ ነበር። ዛሬ ይህ እንቅፋት በአብዛኛው ተወግዷል። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩን በኮምፒውተር ላይ መጫንና ሙያውን መያዝ የተለያዩ ጉዳዮች በመሆናቸው፣ የሥልጠና ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጁ ኃላፊዎች በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ሰርኪዩት ቦርድ ምንድን ነው?

ሰርኪዩት ቦርድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚያርፉበትና እርስ በርስ የሚገናኙበት ሰሌዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወት ቃጫና ከኢፖክሲ ሙጫ የሚሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ነው። በላዩ ላይ 35 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ያለው የመዳብ ንጣፍ ይለጠፋል። የማይፈለገው መዳብ በኬሚካል ታጥቦ ሲወገድ የሚቀሩት ቀጫጭን መስመሮች የሽቦን ሥራ ይሠራሉ።

ለዚህ ቴክኖሎጂ መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፖል አይስለር ይጠቀሳል። አይስለር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በለንደን ከተማ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ሬዲዮ ሠርቶ ነበር። ከዚያ በፊት የሬዲዮ ክፍሎች የሚገናኙት እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ እየተበየደ ነው። ቴክኖሎጂው ከተስፋፋ በኋላም ለበርካታ ዓመታት ንድፉ የሚዘጋጀው መስመሮቹን ከትክክለኛ መጠናቸው አጉልቶ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ በቴፕ በመለጠፍ ነበር። ከዚያም በፎቶግራፍ ዘዴ እንዲያንስ ይደረጋል። አንድ መስመር ከተሳሳተ ቴፑን ልጦ እንደገና መለጠፍ ግድ ይል ነበር። ኮምፒውተር ያስቀረው ይህን አድካሚ ሥራ ነው።

ነጻው ሶፍትዌር

በዘርፉ የሚያገለግሉ የንግድ ሶፍትዌሮች በርካታ ናቸው። ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ለአንድ ተጠቃሚ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ። በአንጻሩ በነጻ ከሚገኙት መካከል በስፋት የሚታወቀው ኪካድ የተሰኘው ሶፍትዌር ነው። ኪካድን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው በፈረንሳይ ግሮኖብል ከተማ በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ዣን ፒየር ሻራ ነው። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለሶፍትዌሩ ዕድገት የራሱን ባለሙያዎች መድቦ አስተዋጽኦ አድርጓል። ኪካድ እ.ኤ.አ. በ2019 የሊኑክስ ፋውንዴሽን አባል ፕሮጀክት ሆኗል።

ሰርን ወደዚህ ሥራ የገባበት ምክንያት ለመንግሥት ተቋማትም ትምህርት ሰጪ ነው። ድርጅቱ የመሣሪያዎቹን ንድፍ ለሌሎች ተመራማሪዎች በግልጽ ማካፈል ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ንድፉ በነጻ ቢሰጥም ፋይሉን ለመክፈትና ለማሻሻል የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ውድ ከሆነ መካፈሉ ሙሉ ትርጉም አይኖረውም። በመሆኑም ድርጅቱ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል መሣሪያ እንዲጠናከር መሥራትን መርጧል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ተሞክሮም አለ። በጀርመኑ ካድሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበው ኢግል የተሰኘው ሶፍትዌር በተማሪዎችና በአነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ ለረጅም ዓመታት ተወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሶፍትዌሩን ገዛው። ኩባንያው ከጁን 7 ቀን 2026 ጀምሮ ኢግልን ራሱን ችሎ የሚቀርብ ምርት አድርጎ እንደማይቀጥል፣ ተጠቃሚዎችም ወደ ሌላው ምርቱ እንዲሸጋገሩ አስቀድሞ አስታውቋል። የዓመታት ንድፉን በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ብቻ ያስቀመጠ ተቋም ውሳኔው በእጁ እንዳልሆነ የሚረዳው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ ነው። ኪካድ የኢግል ፋይሎችን የመቀበል ችሎታ ስላለው ችግሩን በመጠኑ ያቃልላል። የኪካድ ፈቃድ ሶፍትዌሩን ማባዛትን ስለሚፈቅድ አንድ ጊዜ የወረደውን ቅጂ በፍላሽ ዲስክ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች ማስተላለፍ ይቻላል። ይህም የኢንተርኔት አገልግሎት ደካማ በሆነበት ማሠልጠኛ ጥቅሙ የጎላ ነው።

ሥራው በደረጃ ሲታይ

የንድፍ ሥራን ሂደት በአንድ የመለማመጃ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ሠልጣኙ የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት ከተፈቀደው ውጪ ሲሆን ድምፅ የሚያሰማ አነስተኛ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ እንበል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለባቸው። ከዚህ በላይ መሞቅ ብቻ ሳይሆን መቀዝቀዝና መርጋትም አንዳንዶቹን ያበላሻል። እንዲህ ያለው የልምምድ ቦርድ በጤና ተቋም ውስጥ ተፈትሾ የጸደቀን መሣሪያ አይተካም። ሆኖም ስህተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ሠልጣኙ እያሰበ እንዲሠራ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ደረጃ የሚፈለገውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። መሣሪያው ሙቀት ይለካል፣ ድምፅ ያሰማል፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ምርጫ አለ። ጀማሪ ሠልጣኝ 220 ቮልት የሆነውን የመስመር ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ ማስገባት የለበትም። ለሞባይል ስልክ የሚያገለግል ባለ5 ቮልት ቻርጀር በመጠቀም አደገኛው ክፍል ከቦርዱ ውጪ እንዲቀር ማድረግ ይችላል።

ሁለተኛው ደረጃ የሰርኪዩቱን ሥዕል በሶፍትዌሩ ላይ ማዘጋጀት ነው። እያንዳንዱ ክፍል በምልክት ይወከላል፤ ግንኙነቶቹም በመስመር ይታያሉ። ሶፍትዌሩ ያልተገናኘ እግርንና እርስ በርስ የተጋጩ መውጫዎችን ፈልጎ ያሳያል። የማያሳየውም አለ። ለምሳሌ ድምፅ ሰጪው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከማይክሮኮንትሮለሩ አንድ እግር አቅም በላይ መሆኑን አይናገርም። በመካከል ትራንዚስተር መግባት እንዳለበት የሚያውቀው የአምራቹን የመረጃ ሰነድ ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ለእያንዳንዱ ምልክት ትክክለኛ ማረፊያ መምረጥ ነው። ማረፊያ ማለት የክፍሉ እግሮች በቦርዱ ላይ የሚበየዱበት የመዳብ ቅርጽ ነው። አንድ ዓይነት አይሲ በእግሮቹ መካከል 2.54 ሚሊሜትር ርቀት ባለው ወይም 1.27 ሚሊሜትር ርቀት ባለው አካል ሊሸጥ ይችላል። በሥዕሉ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በቦርዱ ላይ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም። ለዚህ ስህተት ርካሽ መከላከያ አለ። ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ላይ ማተምና የተገዙትን ክፍሎች አንድ በአንድ በወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው።

አራተኛው ደረጃ ክፍሎቹን መደልደልና የመዳብ መስመሮቹን መዘርጋት ነው። ለአይሲው ኃይል የሚያረጋጋው 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከኃይል መቀበያ እግሩ አጠገብ መሆን አለበት። ርቆ ከተቀመጠ በሥዕሉ ላይ ቢኖርም ሥራውን በአግባቡ አይሠራም። የመስመሮቹ ስፋትም በግምት አይወሰንም። አይፒሲ የተሰኘው የኢንዱስትሪ ማኅበር ባወጣው 2221 መስፈርት መሠረት 35 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የውጭ መዳብ ላይ 1 አምፒር የሚያልፍበት መስመር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር 0.3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያስፈልገዋል። በመስመሮች መካከል ሊኖር የሚገባውን ዝቅተኛ ርቀት ከፋብሪካው አቅም ጋር በማስተያየት የሚፈትሸው ግን ሶፍትዌሩ ነው።

አምስተኛው ደረጃ ለፋብሪካ የሚላኩ ፋይሎችን ማውጣት ነው። ገርበር በሚል ስያሜ የሚታወቀው የፋይል ዓይነት መነሻው እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ የፎቶግራፍ ሥዕል ማሽኖች ናቸው። እስከ ዛሬም የፋብሪካዎች የጋራ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። ሠልጣኙ ፋይሎቹን ከመላኩ በፊት ለዚሁ በተዘጋጀ መመልከቻ ከፍቶ እያንዳንዱን ንጣፍና የቀዳዳዎቹን ሥፍራ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ስህተት የሚገለጠው በጠረጴዛ ላይ ነው

ሶፍትዌሩ ሁሉንም ፍተሻ አልፏል ማለት ቦርዱ ይሠራል ማለት አይደለም። የባትሪው መያዣ ተገልብጦ ሊነደፍ ይችላል። ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ከሣጥኑ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። የሙቀት መለኪያው በሚሞቅ ክፍል አጠገብ ከተቀመጠ የማቀዝቀዣውን ሳይሆን የጎረቤቱን ሙቀት ያነባል። እነዚህ ስህተቶች በኮምፒውተሩ ገጽታ ላይ ስህተት አይመስሉም። የሚገለጡት ቦርዱ ተሠርቶ፣ ክፍሎቹ ተበይደውና በመልቲሜትር ተለክተው ሲታዩ ነው። የመጀመሪያው ቦርድ ያለ እንከን የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት በመሆኑ፣ ሙያው በዋናነት የሚቀሰመው ሁለተኛው ሲታረም ነው።

ይህም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። እንደ ቻይናዋ ሼንዘን ባሉ ከተሞች የሚገኙ ፋብሪካዎች አምስት አነስተኛ ቦርዶችን በጥቂት ዶላር ይሠራሉ። የመላኪያው ክፍያ ግን ከቦርዶቹ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ሂደትም ይታከልበታል። ለመጀመሪያ ልምምድ ባለአንድ ገጽ ቦርድን በማሠልጠኛው ላቦራቶሪ በፌሪክ ክሎራይድ አጥቦ ማዘጋጀት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ ክፍሉን ማናፈስና ያገለገለውን ኬሚካል ወደ ፍሳሽ መስመር አለመድፋት ግዴታ ነው።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

ከዚህ በመነሳት ሥልጠናውን የሚያቅዱም ሆነ የሚገመግሙ አካላት አራት ነጥቦችን ሊያጤኑ ይገባል።

አንደኛ፣ የሥልጠናው ማረጋገጫ በሶፍትዌሩ ላይ ያለፈው ሰዓት ብዛት መሆን የለበትም። ሠልጣኙ የሚሠራ ቦርድ፣ የንድፉን ፋይልና በመጀመሪያው ቦርድ ላይ ያገኛቸውን ስህተቶች ዝርዝር ማቅረብ አለበት። በኮምፒውተር ገጽታ ላይ ተጀምሮ በዚያው የሚያበቃ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ሊያስገኝ ይችላል፤ ባለሙያ ግን አያስገኝም።

ሁለተኛ፣ ለሶፍትዌር ግዢ ሊውል የሚችለው በጀት ለክፍሎች፣ ለብየዳ መሣሪያ፣ ለመልቲሜትርና ቢያንስ ለሁለት ዙር የቦርድ ሥራ ቢመደብ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ቦርዱ ተልኮ እስኪመለስ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የትምህርቱ የጊዜ ሰሌዳ ይህን ታሳቢ ማድረግ አለበት።

ሦስተኛ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ የተሠራ ማናቸውም ንድፍ ዋናው ፋይል፣ የፋብሪካ ፋይሉና የክፍሎቹ ዝርዝር ተሟልተው በመዝገብ ቤት ሊቀመጡ ይገባል። ንድፉ በአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ብቻ ካለ ሠራተኛው ሲዛወር ንድፉም አብሮት ይሄዳል።

አራተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ በልዩ ትዕዛዝ መሣሪያ በሚያሠራበት ጊዜ የንድፍ ሰነዶቹን ርክክብ በውሉ ውስጥ ማካተት ያስፈልጋል። ተመርተው በሚሸጡ ዕቃዎች ረገድ አምራቹ ዋናውን ንድፍ ላይሰጥ ይችላል። የጥገና መመሪያና የሰርኪዩት ሥዕል መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ይህም ከግዢው በኋላ ሳይሆን በጨረታ ሰነዱ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ነው።

እነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱን ብልሽት በሀገር ውስጥ ለመጠገን ዋስትና አይሰጡም። በርካታ ንጣፎች ያሏቸውና በልዩ አይሲዎች የተሠሩ ቦርዶች ለሠለጠነ ባለሙያም አስቸጋሪ ናቸው። ሆኖም ቢያንስ አንድ ቦርድ ነድፎ፣ አሠርቶና ስህተቱን አርሞ ያየ ባለሙያ የተበላሸውን ዕቃ ከመጋዘን በፊት ወደ መለኪያ ጠረጴዛ ይወስደዋል። "ቦርዱ ተቃጥሏል" የሚለው መልስ በሚሰማበት ጊዜም ከኃላፊው የሚጠበቀው ቀጣይ ጥያቄ "አዲሱ ስንት ያወጣል?" ከመሆኑ በፊት "የተቃጠለው የትኛው ክፍል ነው? ሥዕሉስ የት አለ?" የሚል ሊሆን ይገባል።