የሰመጠን የሰማይ ድንጋይ በመግነጢስ መፈለግ

የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ ወርዱ 20 ሜትር የሚጠጋ አለት ፈነዳ፤ በአብዛኛው የመስታወት ስብርባሪ ከ1,000 በላይ ሰው አቆሰለ። ትልቁ ቁራጭ የቼባርኩል ሐይቅን በረዶ በስቶ ሰመጠ። ጠላቂዎች ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ጭቃው ውጦታል። በማግኔቶሜትር የተደረገው ቅኝት ግን ያልተለመደ ምልክት አሳየ። ጥቅምት 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ድንጋዩ ሲወጣ ሚዛኑ 570 ኪሎ ላይ ደርሶ ተሰበረ።

መሣሪያው የሚያነበው ብረት ያዘለ ነገር የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ምን ያህል እንዳዛባ ነው። ችግሩ ርቀት ነው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ ስምንተኛ እጁ ይወርዳል። ስለዚህ ሐይቁ በቅርብ በተሰመሩ መስመሮች መታረስ አለበት።

ይህን ሥራ አዲስ አበባ፣ ሀና ማርያም ሰፈር ላይ እንሞክረው እንበል። መጀመሪያ የሚያስቸግረን ፌሮው፣ ቆርቆሮውና መኪናው ነው። ከተማውን ለቀን ብንወጣም ከዋልካው ሥር ያለው እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ራሱ መግነጢሳዊ ነው፤ የቼልያቢንስክን ዓይነት ብረቱ አነስተኛ የሆነ ድንጋይ ከእርሱ መለየት ፈተና ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆችም እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ከዚህ አያመልጡም።

አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ መሆኗም ነገሩን ይለውጠዋል። ሩሲያ ውስጥ መስኩ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል ምልክቱ ከድንጋዩ በላይ ከፍ ይላል፤ እዚህ መስኩ አግድም ስለሆነ ልክ ከድንጋዩ በላይ ዝቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ቆፋሪ ቦታውን ይስታል። ቀትር ላይ ደግሞ ከላያችን የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት መስኩን በአሥሮች፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ናኖቴስላ ያነሣዋል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ቦታው ላይ ቆሞ የቀኑን ለውጥ መመዝገብ አለበት። ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህን የሚከታተለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ለዚህ ባለውለታ ነው።

ባሕር ላይ ጉዳዩ ይብሳል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ዳርቻ ወጣ ብሎ የሰመጠ የሰማይ ድንጋይ ለማግኘት መግነጢስ ወደ ባሕሩ ወለል ያወረዱ ፈላጊዎች ያመጡት ጥቃቅን ቅንጣት ብቻ ነው።

በእኔ ግምት ማግኔቶሜትር ብቻውን ፈላጊ አይደለም፤ የት እንደሚፈለግ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ቼባርኩል ላይ በረዶው ላይ የቀረው ቀዳዳና የመኪና ካሜራዎች ያን አሳይተዋል። አንባቢ ሆይ፣ የእሳት ኳስ ሰማይ ሲሰነጥቅ ካዩ ሰዓቱን፣ የቆሙበትን ቦታና የሄደበትን አቅጣጫ ይጻፉ፤ ስልክዎ ከቀረጸውም አያጥፉት፣ ለዩኒቨርሲቲው ያድርሱ።