የሒሳብ ሠራተኛው አንገትና የማይታየው ሸክም

በመርካቶ ኩንታል ተሸክሞ ለሚያልፍ ሰው ሁሉም መንገድ ይለቅለታል፤ ሸክሙ በዓይን ይታያልና። በመደብሩ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ በደረሰኝና በመዝገብ፣ ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ሒሳብ ሠራተኛ ግን ሸክም እንዳለበት የሚገምት የለም። የሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የኒው ዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ባወጡት ስሌት፣ ራስ 60 ዲግሪ ወደ ፊት ሲያዘነብል በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ይደርሳል፤ ይኸውም ከሩብ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው።

በጠባቦቹ ሱቆች ችግሩን የሚያብሰው አቀማመጡ ነው። ባንኮኒው የተሠራው ቆሞ ለሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ሒሳብ የሚሠራው ግን ከኋላ ባለች በርጩማ ተቀምጦ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ ይጽፋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ሥራው ይደራረባል፣ ሰዓቱም ይረዝማል። በዚያን ጊዜ አንገቱ ደርቆ አንዲት አኀዝ ቢያዛባ የሚከፍለው ባለመደብሩ ነው።

ለዚህ የሚሆነው እንቅስቃሴ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ራስን ሳያቀረቅሩ አገጭን ወደ ኋላ መሳብና 5 ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅ፣ ይህንንም 10 ጊዜ መደጋገም፤ ቀጥሎም ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ኋላ ስቦ ማቀራረብ፤ ከዚያም መዳፍን በግንባር ላይ አድርጎ፣ ራስ ሳይነቃነቅ አንዱ ሌላውን እንዲገፋ ማድረግ ነው። አንገትን በኃይል አጣምሞ ማስጮህ ግን አይገባም።

በዴንማርክ አገር በ198 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ለነጋዴ የሚጥም ውጤት አለው። ሠራተኞቹ የላስቲክ ገመድ መካከሉን ረግጠው፣ ሁለቱን ጫፎች ይዘው፣ ክንዳቸውን በጎን በኩል እስከ ትከሻ ድረስ ያነሡ ነበር። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 2 ደቂቃ ብቻ የሠሩት እንኳ በ10 ሳምንት ውስጥ ሕመማቸው ቀነሰ። እንዲህ ያለ ላስቲክ ያላገኘ ሰው ከጎማ ተራ የብስክሌት ካላማዳሪ ቈርጦ ቢጠቀም የሚከለክለው የለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ኮምፒዩተሩን በዓይን ትይዩ ከፍ ማድረግና መደገፊያ ያለው ወንበር መስጠት ከዚሁ የሚቈጠር ነው።

ሕመሙ ወደ ክንድ ወርዶ ጣትን ካደነዘዘ፣ እጅ ዕቃ መያዝ ካቃተው፣ ወይም ከመውደቅና ከአደጋ በኋላ ከተነሣ፣ እንቅስቃሴውን አቁሞ፣ አንገትንም ለወጌሻ ሳይሰጡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።